በሰማያዊው በር ላይ የተለጠፈ መጥሪያ

ሚዛን ተፈሪ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ ለዓለምሰገድ በዛብህ
ናይሮቢ

እንደምነህ? እኛ አለን። ባለቤቴ አስካለች ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት። "ያ ልጅ ዛሬም አላገባም?" እያለች ትነዘንዘኛለች፤ የእኔ ሚስት መሆኗን ረስታ የአንተ እናት ሆናልሃለች። እኔም ያው ነኝ። ከፍርድ ቤቱ አጥር ስር ጃንጥላዬን ዘርግቼ፣ የጽሕፈት መኪናዬን ታቅፌ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ስጽፍ እውላለሁ። ዘንድሮ ዝናቡ አላስወጣ አላስገባ ብሎን ወረቀቱ ሁሉ እርጥብ ነው።

የጠየቅከኝን ሳላስረዝም ልመልስልህ። አዎ፣ ከዚህ የመጣው ሾፌር የነገረህ እውነት ነው። የታፈሰ ሚስት ውድነሽ ከሳሃለች። "ስንት ጠየቀች?" ላልከው፣ ሳንቲም አልጠየቀችም። ክሱ እንዲህ ይላል፤ "ባለቤቴ ታፈሰ ግንቦት 14 ቀን 1983 ዓ.ም. ከተከሳሽ ጋር ማር ሊቆርጥ ከሼኮ በላይ ወዳለው ጫካ ገባ። ተከሳሽ ወጣ፤ ባለቤቴ አልወጣም። የት እንዳደረሰው ተከሳሽ ችሎት ቀርቦ ይናገርልኝ።" በቃ፣ ይኸው ነው። መዝገብ ቤት ያሉት ልጆች ሳቁ። ዳኛው ግን አልሳቁም፤ ተቀበሏት።

"ከሰባት ዓመት በኋላ ምን አስነሳት?" ትላለህ። እንዴ! ምን አስነሳት ይባላል? ሴትዮዋ እስከዛሬ ልቅሶ አልተቀመጠችም እኮ። መርዶ ያረዳት ሰው የለም። እድሯ "ሬሳም መርዶም ሳይኖር ድንኳን አንተክልም" አላት። ቄሱም መሞቱ ላልታወቀ ሰው ፍትሐት የለም አሏት። ጥቁር እንዳትለብስ "ቢመጣስ" ትላለች፣ ነጭ እንዳትለብስ ሰው ያማታል። ሰባት ዓመት በአንዲት ቡናማ ቀሚስ ነው ያለችው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ። "እኔ እዚህ ሆኜ እነሱ እዚያ ሊዳኙኝ ይችላሉ ወይ?" ሠላሳ ዓመት ከችሎት ደጅ የተቀመጥኩት በከንቱ አይደለምና ስማኝ። የዚህ ፍርድ ቤት እጅ አንተ ዘንድ የሚደርሰው ወይ መኖሪያህ እዚህ ሲሆን ነው፤ ወይ ለአንዲት ቀን እንኳ ብቅ ብለህ መጥሪያው በእጅህ ሲሰጥህ ነው፤ ወይ ደግሞ ባለህበት ተቀምጠህ "በእኔ ላይ ሥልጣን የላችሁም" ሳትል ለክሱ መልስ ስትሰጥ ነው። የመጨረሻዋ ናት ሞኝ የምታስይዘው። አፉን የከፈተ ገባ ማለት ነው። አንተ የምትኖረው ኬንያ ነው፣ መጥሪያ አልደረሰህም፣ አፍህንም አልከፈትክም። ስለዚህ ዝም በል።

መጥሪያው የድሮ ቤትህ በር ላይ ተለጥፎ ነበር። በማግስቱ ሳልፍ የለም፤ ፍየል በልታው ይሆናል። ቤትህ እንደተዘጋ ነው። ቀጠሮው ኅዳር 24 ነው።

ስለ ታፈሰ የጠየቅኩህን ሳትመልስ ሦስት ደብዳቤ አለፈ። እሺ፣ አልጨቀጭቅህም።

ሐዲስ

ናይሮቢ፣ ኅዳር 6 ቀን 1990 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ ሐዲስ፣

እርስዎም እትዬ አስካለችም ለጤናችሁ እንዴት ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ፤ ስፌቱም አለ። ስለ ዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እጄ አልጽፍ ብሎኝ ነው።

ጋሼ፣ የምጠይቅዎትን በክፉ አይውሰዱብኝ። መጥሪያውን የላኩልኝ እርስዎ ነዎት?

ሰኞ ዕለት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ልቆርጥ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ ምሳ በልቼ ተመለስኩ። ጨርቁን ገለጥ ሳደርግ ከስሩ ወረቀት አለ። የፍርድ ቤቱ ማኅተም አለበት፣ ስሜ ከነአባቴ አለበት፣ ኅዳር 24 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይላል። ጀርባው ሙጫ ነው። ሙጫው ላይ ሰማያዊ ቀለም ተላጥቶ ተጣብቋል። የቤቴን በር ቀለም አጣዋለሁ? እኔው ነኝ የቀባሁት፣ ከሚዛን ገበያ ሁለት ቆርቆሮ ገዝቼ። ዝናብ እንደነካው ደግሞ ወረቀቱ እርጥብ ነበር። እዚህ ዝናብ ከዘነበ ሳምንት ሆኖታል።

የሱቁን ባለቤት ሐፍሳን ጠየቅኳት። የወልቂጤ ልጅ ናት፣ ውሸት አታውቅም። ማንም አልገባም አለችኝ። "ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?" ብላ ውሃ አመጣችልኝ።

ይህ በእጄ እንደተሰጠኝ ይቆጠራል ወይ? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።

ታፈሰን በሚመለከት የማውቀው ይህን ነው። ጫካው ውስጥ ተለያየን። የሸሹ ወታደሮች በዚያ ያልፉ ነበር፤ ከእነሱ ጋር ሄዶ ይሆናል።

አክባሪዎ
ዓለምሰገድ

ሚዛን ተፈሪ፣ ኅዳር 26 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለዓለምሰገድ፣

በሞቴ፣ እኔ አልላክሁም! ምን በወጣኝ? ወረቀቷ እጅህ እንዳትገባ አይደል ስመክርህ የከረምኩት? ብልክልህማ ጠላትህ ነኝ ማለት ነው። እንዴት እንደደረሰህ አላውቅም። ስለ ሕጉ ከሆነ አትጨነቅ፤ ኬንያ ጠረጴዛ ላይ የተገኘ ወረቀት ማንም ፈርሞ ያስረከበው መጥሪያ አይደለም። "በእጁ ሰጠሁ" ብሎ የሚምል የፍርድ ቤት መልእክተኛ ሊኖር ይገባል። ማን ይምላል?

አሁን ግን እኔም የምናዘዘው አለኝ፤ ተቆጣም አትቆጣም። ክሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ጮኸህ ሳትጨርስ ስማኝ። ውድነሽ መጣችና "የአጎቱ ልጅ መሆንህን አውቃለሁ፣ ግን የሴት ቃል ሳይቆርጥ የሚጽፍ አንተ ብቻ ነህ" አለችኝ። ምን ልበላት? ተየብኩት። ደግሞ ስተይብ እጄ ለምዶበት ከስምህ ቀጥሎ "የሚዛን ተፈሪ ከተማ ነዋሪ" ብዬ አረፍኩት። ዕድሜ ልኬን የከሰስኩት ሁሉ የሚዛን ነዋሪ ነዋ! ኬንያ ያለ ሰው ከስሼ አላውቅም። ፍርድ ቤቱም ክሱን አይቶ የሰፈር ሰው ነው ብሎ በርህ ላይ ለጠፈ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መዝገቡም በሩም ምንም አላጠፉም።

ወደ ትናንት ወዲያ ልምጣ። ይህን ለአስካለች እንኳ አልነገርኳትም።

ፀሐይ ነበር፣ ጥርት ያለ ቀን። መዝገባችሁ ተራው ሲደርስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆኗል። ችሎት አስከባሪው ማቴዎስ በሩ ላይ ቆሞ "ተከሳሽ ዓለምሰገድ በዛብህ!" አለ። ዝም። ደገመ። ዝም። ሦስተኛውን ሲጠራ ከውጭ፣ ከግቢው፣ "አለሁ" የሚል ሰማን።

እኔ ሰምቻለሁ። ዳኛው ሰምተው ብዕራቸውን አነሱ። ማቴዎስ እየሮጠ ወጣ። ግቢው ውስጥ ያሉት ሁለት የቡና ነጋዴዎችና አንዲት ነፍሰ ጡር ናቸው፤ ሁሉም ወደ ችሎቱ በር ዞረው "ማነው?" ይላሉ። ዳኛው "ተከሳሽ ቀርቧል" ብለው አስጻፉ፤ ሰው ሲጠፋ አሰረዙት። መዝገቡ ላይ መስመር የተሰመረበት ቃል አሁንም ይነበባል፤ አይቼዋለሁ።

ድምፁ የአንተ ነው። አንድ ጣሪያ ስር ያደግን ሰዎች ነን፣ ይህ አይጠፋኝም። ሕጉ "ተከሳሹ ራሱ ወይም ወኪሉ" ይላል፤ ስለ ድምፅ ብቻ የሚል አንቀጽ የለም፣ ስለዚህ አትፍራ። እኔ ግን ፈርቻለሁ።

ውድነሽ አልደነገጠችም። "ደርሷል ማለት ነው" ብላ ተመልሳ ተቀመጠች። ቀጠሮው ለየካቲት 18 ተዛውሯል።

ሐዲስ

ናይሮቢ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 1990 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ፣

አልተቆጣሁም። ክሱን ሌላ ሰው ቢጽፈው ኖሮ ይበልጥ ይከፋኝ ነበር።

ረቡዕ ኅዳር 24 ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሱሪ ላይ ዚፕ እየሰፋሁ ነበር። የመኪናው ድምፅ ስላለ ብዙ አይሰማም። ሰው ስሜን ጠራኝ። እዚህ ሁሉም "አሌክስ" ነው የሚለኝ፤ የአባቴን ስም ሐፍሳም አታውቀውም። "ዓለምሰገድ በዛብህ" አለ። ቀና አልኩ፣ ሰው የለም። እንደገና ጠራኝ። በሦስተኛው ከመቀመጫዬ ተነሥቼ "አለሁ" አልኩ። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ እንደምንለው ነው የተነሣሁት። ሐፍሳ "ከማን ጋር ነው የምታወራው?" አለችኝና ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችው።

ከዚያን ቀን ወዲህ በየጠዋቱ ይጠራኛል። አልመልስም። ጥርሴን ነክሼ እሰፋለሁ። ግን ድምፁ የማቴዎስ አይደለም ጋሼ። የማቴዎስን ድምፅ ባውቀው እንዴት ደስ ባለኝ።

ከወታደር ጋር ሄደ ያልኩዎት ውሸት ነው። ታፈሰ ከዛፍ ወድቋል። ከትልቁ ቀረሮ፣ ቀፎ ሲያወርድ። ገመዱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

አሁን ይህን ብጽፍ በገዳይነት ያሥሩኛል? ዝም ብልስ ጉዳዩ በራሱ ይሞታል? እባክዎ አይደብቁኝ።

ዓለምሰገድ

ሚዛን ተፈሪ፣ ጥር 5 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለዓለምሰገድ፣

ደብዳቤህን አንብቤ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ለእኔ የጻፍከው ለፍርድ ቤት እንደ መልስ አይቆጠርም፤ ግን ወረቀት ነው፣ እግር አለው። እንዳየነው።

ጥያቄዎችህን በተራ ልመልስ። አንደኛው፣ ይህ የፍትሐ ብሔር ክስ ነው፣ ማሠር የለበትም። አንተ የጻፍከውን አይቶ ዐቃቤ ሕግ ሌላ መዝገብ ይከፍት እንደሆነ ግን እኔ ዋስ አልሆንልህም። ሁለተኛው፣ ዝም ካልክ ቀጠሮ እየተቀጠረ ይጓተታል፤ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ በስምህ ይጠራሃል። አይሞትም።

የሚገድለው አንድ ነገር ብቻ አለ። ፖስታው ውስጥ የተተየበ ወረቀት ታገኛለህ። "ተከሳሽ ነዋሪነቴ በውጭ አገር ስለሆነ፣ መጥሪያም በሕግ አግባብ ስላልደረሰኝ፣ የተከበረው ፍርድ ቤት በእኔ ላይ የዳኝነት ሥልጣን የለውም" ይላል። ሌላ ቃል አልጨመርኩበትም። ናይሮቢ ኤምባሲ ሄደህ ፊርማህን አረጋግጥና ላከው። "ነዋሪ" ያልኩት ስህተት መሆኑን እኔ ራሴ ችሎት ቆሜ እናገራለሁ። መዝገቡ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ታፈሰ የት ነው ብሎ አንተን የሚጠይቅ ዳኛ በዚህ አገር አይኖርም። ሕጉ ከጎንህ ነው፤ ይህን ስነግርህ እያሾፍኩ አይደለም።

ባለፈው ሐሙስ ውድነሽ መጥታ "ጻፈ?" አለችኝ። "አልጻፈም" አልኳት። ምን ላድርግ? ሬሳውን አንጀቴ ውስጥ ቀብሬ ዓይኗን አየኋት። ሙዝ አምጥታልኝ ነበር፤ ለአስካለች ጉልበት የሚሆን ቅባትም አምጥታለች። እንዲህ ያለች ሴት ናት! አስካለች ቅባቱን ስትቀባ እኔ ከቤት ወጥቼ ቆየሁ።

ከተተየበው ወረቀት ስር ባዶ ወረቀት አለ። ለምን እንደላክሁት አትጠይቀኝ።

ሐዲስ

ናይሮቢ፣ ጥር 25 ቀን 1990 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ፣

የተተየበውን መልሼልዎታለሁ። ሦስት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ አየሁት። ጥሩ ተጽፏል፤ አንድ ስህተት የለበትም። መፈረም አቃተኝ።

በባዶው ላይ ጽፌያለሁ። ኤምባሲው ፊርማዬን አረጋግጧል፤ ጸሐፊው አንብቦ ቀና ብሎ ሁለት ጊዜ አየኝ። እባክዎ ሳይቀንሱ ለችሎቱ ያስገቡልኝ።

"ተከሳሽ ዓለምሰገድ በዛብህ ነኝ። በፍርድ ቤቱ ሥልጣን ላይ መቃወሚያ የለኝም። ለክሱ የምሰጠው መልስ ይህ ነው።

ግንቦት 14 ቀን 1983 ዓ.ም. ታፈሰ ቀረሮው ላይ ወጥቶ ነበር። የእሱ ሥራ መውጣት፣ የእኔ ሥራ ከታች ገመዱን መያዝ ነበር። ከመንገዱ በኩል ተኩስ ሰማን። ደነገጥኩና ገመዱን ለቀቅኩት። ታፈሰ ከነቀፎው ወደቀ።

አልሞተም። ሁለቱም እግሮቹ ተሰብረዋል እንጂ ይናገር ነበር። 'ሰው ጥራ' አለኝ። እሺ ብዬ ሄድኩ። ሊገድለው ሆን ብሎ ለቀቀው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ፤ በማሩ ስንጨቃጨቅ ብዙ ሰው ሰምቶናል። ዛፎቹ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ስሜን ጠራኝ። ሦስት ጊዜ ጠራኝ፣ ከነአባቴ። 'አለሁ' ብለው ኖሮ እመለስ ነበር፤ ያን አውቄ ዝም አልኩ። መንገድ ላይ ወደ ማጂ የሚሸሽ የጭነት መኪና አገኘሁና ተሳፈርኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ቦታው ከሼኮ በላይ ነው። ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበትን ተሻግሮ ሽቅብ ሲወጣ ግንዱ ላይ በገጀራ ሦስት ጊዜ የተመታ ቀረሮ አለ። ባለቤቷ ከስሩ ታገኘዋለች። ተከሳሽ ይህ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።"

ጋሼ፣ ፖስታውን ካሸግኩ ጀምሮ አልጠራኝም። ዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የስፌት መኪናውን አቁሜ ጠበቅኩት። ዝም ነው። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር።

ዓለምሰገድ

ሚዛን ተፈሪ፣ መጋቢት 2 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለዓለምሰገድ፣

መልስህ የካቲት 18 ችሎት ላይ ተነበበ። ያነበቡት ዳኛው ናቸው፤ እኔ እንዳነብ ሲሰጡኝ መልሼ ሰጠኋቸው። ውድነሽ ቆማ ሰማች። ሲጨርሱ "አመሰግናለሁ" አለች። ፍርድ ቤቱ ፖሊስና ሽማግሌ ይዛ እንድትሄድ አዘዘላት።

የካቲት 25 ሄድን። እኔም ሄድኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ እየተንፏቀቅሁ። ቀረሮውን አገኘነው። ሦስቱ የገጀራ ምቶች ድነው ጠባሳ ሆነዋል። ከስሩ የበሰበሰ ቀፎና ጥቂት ገመድ አለ። ታፈሰ የለም። ቆፈርን፣ የለም። ፖሊሱ "ዋሽቷል" ብሎ ሰደበህ። እኔም በልቤ ሰደብኩህ።

ውድነሽ ግን ገመዱን አንሥታ አየችው። ገሚሱ በቢላ ተቆርጦ ተወስዷል። ቁልቁል መሄድ ጀመረች፤ ተከተልናት። ከወንዙ ማዶ፣ የጫካ ቡናው ውስጥ አገኘችው። የማር ቢላዋው አጠገቡ አለ፣ የቀበቶው ዘለበትም አለ። ሁለቱ እግሮቹ በዱላ ታስረዋል፣ በዚያው ገመድ። ራሱን አስሮ፣ በሆዱ ተስቦ፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሯል። ይህን የአንድ ቀን ሥራ ነው የሚል ሰው የለም። የጤና ጣቢያው ሰውዬ ስንት ቀን እንደኖረ ከአጥንት አይታወቅም አለን።

ካለበት እስከ እግር መንገዱ ሠላሳ እርምጃ ነው፤ ቆጠርኩት። ያ መንገድ ውድነሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ሼኮ ገበያ የምትወጣበት ነው። አንተ የሄድከው ረቡዕ ነበር። ቅዳሜ ግንቦት 17 ባሏን እያፈላለገች፣ ያገኘችውን ሁሉ እየጠየቀች በዚያ አልፋለች። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት፣ እዚያው አጥንቱ አጠገብ ተቀምጣ። ከዚያ በኋላ ጮኸች። የሰባት ዓመቱን ነው የጮኸችው፤ ፖሊሱ ባርኔጣውን አውልቆ አለቀሰ።

የካቲት 27 ቀበርነው። እድሩ ድንኳን ተከለ፤ አገሩ ሁሉ ደረሰ። በማግስቱ መዝገብ ቤት ሄዳ ክሷን አንሥታለች። መዝገቡ ተዘግቷል፤ ዐቃቤ ሕግም እስከ ዛሬ ምንም አላለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ለጠየቅከኝ መልሱ፣ አይ፣ ከእንግዲህ ምንም ፍርድ ቤት አያስገድድህም ነው።

ስለ አንተ ምን አለች ብለህ ትጠይቀኛለህ። ሦስተኛው ቀን ላይ የእድሩ ዳኛ ድንኳኑን ሊያስነቅል መጣ። አስቆመችው። "አንድ ሰው ይቀራል" አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "ሐዲስ፣ ጻፍልኝ" አለች። እኔም እንደ ልማዴ ቃሏን ሳልቆርጥ ጻፍኩ።

"ዓለምሰገድ፣ ውድነሽ ነኝ። እሱን ለብቻዬ አልቅሼ አልጨርሰውም። ገመዱን የያዝክ አንተ ነህና ልቅሶ ድረስ። ዳኛው አያመጣህም አሉኝ፤ እኔ ጠርቼሃለሁ። አርባው ሚያዝያ 6 ነው።"

ድንኳኑ እስካሁን አልተነሣም። እድሩ በየቀኑ ይጮህባታል፣ እሷም በየጠዋቱ ውስጡን ትጠርጋለች።

ሐዲስ